«ምን አመማችሁ?» ይሉ የነበሩት የአቶ እንየው ገብረመድኅን የሕይወት ታሪክ

አቶ እንየው ገብረመድኅን ከአባታቸው ከአቶ ገብረመድኅን ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለማሁ ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው ባሕር ዳር በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት ሲሠሩ፣ በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፀደንያንና ኖላዊን ወልደዋል።

በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ዳላስ መጡና ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር መኖር ጀመሩ። ፎርት ዎርዝ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን በጫኝነት ተቀጥረው፣ በ2007 ዓ.ም. የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ሆኑ። ሹመቱን አክብደው ያዙት። ስብሰባ ያበዛሉ፣ ሪፖርት ሲጽፉ ይውላሉ፣ አደጋ ላልደረሰበት ክፍል ፒዛ ያስጋብዛሉ። ቤትም ውስጥ ምንጣፍ ከታጠፈ ስብሰባ ይጠሩብን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አብረዋቸው የሚሠሩትን ወይዘሮ ጥሩወርቅን የዕቃ ማመላለሻው ማሽን እጃቸውን ያዛቸው። ለማንም ሳይናገሩ በሻሽ ጠቅልለው፣ ጓንት አጥልቀውበት ሥራቸውን ቀጠሉ። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። አቶ እንየው ሆስፒታል ሄደው ለምን እንደደበቁ ቢጠይቋቸው፣ «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ስምዎ እንዳይጎድፍ ብዬ ነው» አሏቸው። ያን ቀን አቶ እንየው ቤት ገብተው ሲያለቅሱ አየናቸው።

ከዚያ በኋላ የፒዛውን ግብዣ አስቀሩ። ረጅሙን ስብሰባ ተዉት፤ ማንም የማያነበውን ሪፖርትም አሳጠሩት። ሥራ ሲጀመር በመጋዘኑ እየተዘዋወሩ፣ አስቀድመው የራሳቸውን የወገብ ሕመም ይናገሩና «እናንተንስ ምን አመማችሁ?» ይሉ ነበር። ይሉኝታ ይዞን ብዙዎቻችን፣ እዚያ የምንሠራ ዘመዶቻቸው ጭምር፣ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋቸው ነበር። ሰው መናገር ሲጀምር ደግሞ የተመዘገበው ጉዳት በዛና አለቆቻቸው ከቦታው ሊያነሷቸው ደረሱ። እርሳቸው ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ወደ ሥራ ተመልሰው አዲስ ገቢዎችን እጃቸውን እያሳዩ ይመክሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ሁላችንንም አስቀምጠው ነገሩን። ሲያማቸው «አመመኝ» አሉን፤ ሲፈሩም «ፈራሁ» አሉን። በዚህም አስታመምናቸው፣ አብረናቸው አለቀስን፣ ሳንሰናበታቸውም አልቀረንም። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርካዲስን፣ ልጆቻቸውን ፀደንያንና ኖላዊን፣ የልጅ ልጃቸውን ሐሴትን እና ታናሽ እህታቸውን ዓለምጌጥን ትተው አልፈዋል። ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። እንዴት ናችሁ ብላችሁ ስትጠይቁን ግን ደህና ነን አንላችሁም። በጣም አሞናል።

አምላካችን የወንድማችንን ነፍስ ሕመም በማይደርስበት ማረፊያ ይቀበልልን። አሜን።