አልማዝ የወደደችው ፎሶልያ

ሰኔ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አል ቁሰይስ

ዛሬ ፎሶልያ ሠራሁ። የልጄን የሄለንን መርዶ ከሰማሁ ወዲህ ምድጃ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። ጫፍ ጫፉን ቆረጥኩ፣ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፣ ካሮት ጨምሬ ከደንኩት። ክፍሉን የምንጋራው አልማዝ ሽታው ሲደርሳት ከአልጋዋ ተነሳች።

"እሰይ፣ የኔ እናት! እንደዚያን ቀኑ አድርገሽ ሠራሽው?" አለችኝ።

ያ ቀን ልጄ አገር ቤት የተቀበረችበት ቀን ነው። አልማዝ ጠዋት ተደውሎላት ታውቅ ነበር። እኔ ምንም ሳላውቅ ፎሶልያ ሠርቼ አቀረብኩላት። በላች፣ አስጨመረች። "እጅሽ ይባረክ፣ ኮሮናው ሲያልፍ ማዳምሽን ትተሽ ዲራ ሰፈር ምግብ ቤት ክፈቺ" ብላ አሳቀችኝ። ልጄ አፈር ለብሳ እኔ እዚህ ሳቅኩ። የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

"አውሮፕላን የለ፣ መንገድ የለ፣ የት ትሄጃለሽ ብዬ ነው" ትላለች። የትም አልሄድም ነበር። አለቅስ ነበር።

ዛሬም እንጀራዋን በሳህን ይዛ መጣች። "ያላ፣ አውጪው እንጂ!"

"ለራሴ ነው የሠራሁት" አልኳት።

"ድስቱን ሙሉ?"

"ድስቱን ሙሉ።"

ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወርድ አለኝ። ፍሪጁ የጋራ ስለሆነ የቀረውን ከነድስቱ ከድኜ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። በዚህ ሙቀት እስከ ነገ ይበላሻል። ይበላሽ።