እምቧ ባለው ስልክ ስለተጠራ የባና ገበያ

ለክቡር አቶ በኃይሉ
የአስታ ሜዳ ከተማ የጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የራስ ቅልዎ፣ መንጋጋዎና ሁለቱም እጆችዎ እንደ ወትሮው ሙሉ መሆናቸውን ከሩቅ አይቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ በዚህ ወር በእኛ አካባቢ ይህን ሁሉ በአንድ ገላ ላይ አሟልቶ የሚሄድ ወንድ እየጠፋ መጥቷልና።

እኔ የሸማኔዎች ማኅበራችን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ በገበያው ዳር ባለችው ሱቅ የምሸጠው አፈወርቅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለሚሉኝ ነው። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ በቁጥር የተቀመጠ ነገር እንደሚወዱ በግምገማ ላይ ነግረውናል።

አንደኛ፤ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። በመስከረም ነጋዴዎችን ሰብስበው «ደንበኛ በእግሩ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ ያለፈው ሥርዓት ነጋዴ ነው፤ ደንበኛን ማስጠበቅም ነውር ነው» አሉን። ዛሬ ሞባይል በየገበሬው ኪስ ስላለ አንድ መልእክት መላክ አገር ለአገር ከመዞር እንደሚበልጥ አስረዱን። እኛ የደንበኞቻችን ቁጥር የለንም ብንል «ቁጥሩን እኔ አመጣለሁ፣ እናንተ ባናውን አዘጋጁ» ብለው ገላገሉን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ግን በአንድ እጅ ማጨብጨብ አልሆነልኝም።

ሁለተኛ፤ ቁጥሩን ስላገኙበት ብልሃት። ጓሳ የእኛም፣ የማዶዎቹ የገደል አፍ ሰዎችም የጋራ ሣር መሆኑን እርስዎ ከሌላ ወረዳ ተመድበው ስለመጡ ላያውቁ ይችላሉ። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲፈቀድ ይታጨዳል። በተዘጋበት ጊዜ ከብት ያስገባ ሰው በአባቶቻችን ዘመን ቤቱ ይቃጠልበት ነበር፤ በእኛ ዘመን ከየቤቱ አንድ ወንድ ዱላ ይዞ ይወጣበታል፣ የቀረም ይቀጣል። ጥሪው ድሮ በጥሩምባ ነበር፤ አሁን ጠባቂው አባይነህ በጓሳ ስልክ መልእክት ይልካል። ብዙዎቻችን ፊደል ስላልቆጠርን፣ ስልክ ጠጋኙ አብርሽ ከዚያ ቁጥር መልእክት ሲደርስ የሁለታችንም ወገን ስልክ ሁሉ እንደ ላም እምቧ እንዲል አድርጎ አስተካከለልን። እምቧ ካለ ከብት ገብቷል። የተጻፈውን ያነበበ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ የሚነበብ ነገር ኖሮበትም አያውቅም።

እርስዎ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ስልክ ተሰብስቦ ሲያገኙ ደስ ቢልዎ አይፈረድብዎትም። አባይነህ ለዘመድ ተዝካር ሞላሌ በወረደበት አርብ ቤቱ ድረስ በመኪና ሄደው ስልኩን ከባለቤቱ ከእታገኝ ጠየቁ። እሷም «ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ የጓሳ ነው፣ እኔ እንኳ ቻርጅ ስሰካው ብቻ ነው የምነካው» አለችዎት። እርስዎም «እትዬ፣ እኛም እኮ ለሕዝብ ነው የምንሠራው፣ ነገ ይመለስልሻል» አሏት። መንግሥት ቤቷ ድረስ መጥቶ ሲለምናት እንቢ ትበል?

ሦስተኛ፤ ማስታወቂያው ስለደረሰበት ፍጥነት። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ፣ ባናዎቹን በሱቄ ደጃፍ እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ እምቧ አለ። የጎረቤቴም አለ። የከተማው ስልክ ሁሉ አንድ በረት ሆነ። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ የገዛ ሱቄን ማስታወቂያ ሳላነብ ሱቄን ዘግቼ ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ።

ጓሳ ላይ ጉሙ ሰው የሚያክለውን የጅብራ ተክል ሁሉ ውጦት ነበር። እኛ ከወዲህ ወጣን፣ የገደል አፍ ሰዎች ከወዲያ። እኛ በጉሙ ውስጥ ዱላ የያዙ ሰዎች አየን፤ እነሱም ዱላ የያዙ ሰዎች አዩ። «ከብታችሁን አውጡ!» አልን። «እናንተ አውጡ!» አሉ። መጀመሪያ «ሌባ!» ያለው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም፤ ዱላው ግን ከሁለቱም ወገን እኩል ተነሣ።

የማኅበራችን እጀ ወርቅ ሸማኔ መኳንንት አናቱን ሊከልል ቀኝ እጁን ቢያነሣ እጁ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ገብረየሱስ መንጋጋውን ተመትቶ ጥርሱን ከደም ጋር እፍኙ ላይ ተፋው። አንድ ጎረምሳ ጅብራ ሰው መስሎት ሲቀጠቅጥ ቆይቶ ከኋላው የመጣው ወገቡን ብሎ ደፋው። ክንዴን የመታኝ ሰው ድምፄን ሲሰማ «አንተ ነህ እንዴ አፈወርቅ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «እግዜር ይማርህ» ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ሮጠ። ኃይለ ኢየሱስ፣ በየዓመቱ የበግ ጠጉር የሚሸጥልን የገደል አፍ ሰው፣ አናቱን ተመትቶ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ተመታ።

ጉሙ ሲገፈፍ ቆመን ተያየን። ከብት ፈለግን፤ የማንም ከብት አልነበረም። ያኔ ዲያቆን ማሙሽ ስልኩን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ብርድ ገባ! የአስታ ሜዳ ባና በቅናሽ። ሳያልቅ ፈጥናችሁ ድረሱ።» «ድገመው» አለው አንዱ። ደገመው። «የማን ባና?» አለ ሌላው። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የንግድ ስሜ በዚያ ጠዋት የታወቀውን ያህል ታውቆ አያውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ሽያጩ። በሰሞኑ ስብሰባ «የተዘጋጀው ምርት መቶ በመቶ ተሰራጭቷል» ብለው ሪፖርት ማቅረብዎን ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው የሚልዎ ካለ ምስክርዎ እኔ ነኝ። አንድም ባና አልተረፈኝም። ቁስለኛውን ሁሉ ተሸክመን ያወረድነው በባና ነው። የኃይለ ኢየሱስን አስከሬን የሸፈንንበት ባና ደግሞ መኳንንት በዚያው ሳምንት ከሸማ ዕቃው ላይ ያወረደው ነበር፤ ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ የመጨረሻው ነው፣ ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም።

አምስተኛ፤ ቅሬታ የምለው ይህን ብቻ ነው። አባይነህ ቅዳሜ ከሰዓት ከሞላሌ መጥቶ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ «ሁከት በመቀስቀስ» ተይዞ ይኸው እስካሁን ታስሯል። ፖሊስ መልእክቱን ማን እንደላከው ሲጠይቅዎ «ስልኩ የማን ነው?» ብለው በጥያቄ እንደመለሱ ሰምቼ ጥንቃቄዎን አድንቄያለሁ።

የኃይለ ኢየሱስ ወንድሞች ግን እንደ እርስዎ የተማሩ ስላልሆኑ ነገሩን አጭር አድርገውታል። በጉም ውስጥ የመታው እጅ አይታወቅምና «ደሙ የጠሪው ነው» ብለዋል። አባይነህ የጓሳን ድምፅ ለባና ነጋዴ ሸጠ ነው የሚሉት፤ ገዢው እኔ መሆኔ ነው። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቢሄዱ «እሱ ይፈታና እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹ የሰውን ዓይን ማንበብ ስለሚያውቁ የሚነጋገሩት በምን እንደሆነ ገብቷቸው ተመለሱ። እንግዲህ አባይነህ ካልተፈታ ባልሠራው ወንጀል ይፈረድበታል፤ ከተፈታ እስር ቤቱ በር ላይ ይገደላል። እታገኝ ልጆቿን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠግታለች። ስልኩን የወሰዱት እርስዎ መሆንዎን ለሰማይም ለምድርም ተናግራለች፤ «ሚስት ለባሏ ምን ትበል?» ይሏታል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። በመጪው ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ ማዳበሪያ ውሰዱ ብለው በሚጮኹበት በዚያው ድምፅ ማጉያ «ስልኩን ወስጄ መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሽማግሌዎቹ፣ አምኖ ይቅርታ የሚለምን ሰው ከተገኘ፣ ድንጋይ ተሸክመው ከሟች ቤት ደጃፍ ወድቀው ደሙን ሊያደርቁ ቃል ገብተዋል። ሥልጣንዎ አይነካም፤ በዚህ አገር በደሉን በማመኑ ከሹመቱ የወረደ ባለሥልጣን አላስታውስም። አፍዎም ጤነኛ ነው። ገብረየሱስ ይህን ያህል ቃል ለመናገር መንጋጋው እስኪገጥም ገና ብዙ ይጠብቃል።

የደንበኛን ልብ ስለ መያዝ ያስተማሩን ትምህርት እስከ አጥንቴ የዘለቀው፣ አጥንቴም በጀሶ የታሰረው፣ ሁልጊዜም ጤናዎን ከሩቅ የምጠይቅ አክባሪዎ፣

አፈወርቅ
ኅዳር 2007 ዓ.ም.፣ አስታ ሜዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልለጥፍ ስልኬ እምቧ አለ። አባይነህ እስር ቤት፣ ስልኩም በፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት መሆኑን እያወቅሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ባልተሰበረው እጄ ዱላዬን ካነሣሁ በኋላ አነበብኩት። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ቅዳሜ ዕለት በነቂስ ወጥታችሁ ላሳያችሁን ፍቅር እናመሰግናለን። የአስታ ሜዳ ባና» ይላል።

የኃይለ ኢየሱስ ስልክም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ እምቧ ብሏል። ባለቤቱ ይዘንጋሽ ማንበብ ስለማትችል የባሏን ወንድሞች ጠርታ አስነበበች። አንብበው ሲጨርሱ «አባይነህ ታስሮ የለም እንዴ? ታዲያ ይሄን ማን ላከው?» አለቻቸው። ወንድማማቾቹ በዚያው ተነሥተው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ስልኩን ለአንድ ከሰዓት የተዋሰው ክቡርነትዎ መሆኑ በመልካም መስተንግዶ ተነገራቸው።

አባይነህን ከደሙ ነጻ የማውጣቱ ሥራ በራስዎ ጣት ስለተከናወነ ከልብ እናመሰግናለን። ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ገበያ ዱላቸውን ቤት ጥለው እንዲመጡ ወንድሞቹን ለምነዋቸዋል፤ እነሱም «መጀመሪያ ጠሪው ምን እንደሚል እንስማው» ብለዋል። ጠዋት በጊዜ ይገኙ። ደንበኛ ማስጠበቅ ነውር መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።