ቢጫው ወተት

ቆቦ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እናቴ ሀስና፣

እማ፣ አሰላሙ አለይኩም። ባለሽበት አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ኢክራማ ናት፤ በሚመጣው ሳምንት ሪያድ ትገባለች። በስልክ ያልነገርሁሽ አሠሪዎችሽ አርብ አርብ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ስለሚያስደውሉሽ አይደለም። ስልኩን ስይዝ አፌ ይታሰራል። አምስት ዓመት ሙሉ «ደህና ነን» ብዬ ለሌላ ሰው የማቀብለው ለዚያ ነው። ተቀይሜሽ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሴት መውለዴን አማቴ ዚነት ነግረውሻል። ስሟ ፈሪሀ ነው፤ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኗ። በሁለቱ አርቦች «ልጅቷም ደህና ናት» ያልሁሽ ግን ውሸት ነበር።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነበር የሚወለደው። እኔ ከጤና ጣቢያ የተመለስሁት አማቴ ቤት ነው። ባለቤቴ ሙሀመድሰይድ ማሽላው ስላሸተ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። አዋላጇ ልጅቷን ገና እንደ ተወለደች ጡቴ ላይ አስተኝታት ነበር። «ቢጫው እንገር እንዳይደፋ፤ ለሷ እንደ ክትባት ነው» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ቤት ስንገባ ግን አማቴ ጡቴን ጫን አድርገው አዩና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይኸማ ዘጠኝ ወር ሲብላላ የከረመ ነው። ሆዷን ይቆርጣታል» አሉ።

አልበው በጣሳ አወጡትና ደጅ ደፉት። ልጅቷን ቅቤ አስዋጧት፤ ስኳር በጥብጠው በማንኪያ ጠብ አደረጉላት። በክፋት እንዳይመስልሽ፤ እሳቸውም የተደረገላቸውን ነው ያደረጉት። «ተዉ» ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። አንቺን ልጠይቅ ደወልሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነበርና ስልክሽ ዝግ ነው።

ሐሙስ ጡቴ አጋተ። ድንጋይ ሆነ፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ፈሪሀ በስኳር ውሃ ተታላ ጡቱን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አራስ ጠያቂው ሁሉ ሀኪም ሆነ። አንዷ ዓይን በልቷታል ትላለች፣ ሌላዋ ጡቷ ትንሽ ነው፣ ሦስተኛዋ ተልባ ጠጪ። የሁሉንም ሰማሁ፤ ገንፎውንም እነሱ በሉት። አርብ ጠዋት የልጅቷ ጨርቅ ደረቅ ሆኖ አደረ። ለቅሶዋም አነሰ፤ ያነሰው ለቅሶ ነው ያስፈራኝ።

አማቴ በሻንጣ የላክሽልኝን ሁለት ቆርቆሮ ወተትና ጡጦ አወረዱ። «እናትሽ አውቃ ነው የላከችው፤ እንክፈተው» አሉኝ። እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ወንድሜን መህዲን ያሳደግሁት በዚህ ነው። ስንቴ እንደተፋው፣ ስንቴ እንዳስቀመጠው እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ መሀል የጤና ኤክስቴንሽኗ ወለላ በሩን አንኳኳች።

መንገዱ ተዘግቶ ባጃጅ ቆሞ ነበርና በእግሯ ነው የመጣች። አልተቆጣችም። አማቴን «እስቲ እርስዎ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ይንከሩልኝ» አለቻቸው። በሱ ጡቴን አሙቃ በእጅ ማለብ አሳየችኝ፤ የወጣውን ለፈሪሀ በማንኪያ ሰጠናት። ከዚያ ሆዷን ከሆዴ አጣብቃ፣ አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቃ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ጭምር አጎረሰቻት። ሦስቴ ለቀቀችው። በአራተኛው ያዘችና ስትውጥ ተሰማን።

«ኸእንግዲህ ስኳርም ቅቤም ውሃም የለም። እስተ ስድስት ወር ጡት ብቻ» አለች ወለላ።

አማቴ ጨርቁን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሁለት ቀብሬያለሁ» አሉ። «በዚሁ ቅቤ፣ በዚሁ ውሃ። የአላህ ሥራ ነው ብዬ…» ወለላ እጃቸውን ይዛ «አብሽሪ እናቴ» ብቻ አለቻቸው። ትኩሳቴን አይታ ጤና ጣቢያ ድረስ አድርሳኝ መድኃኒት አሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን አጠገቤ ትቀመጥና ፈሪሀ እስክትጠግብ ታያለች። ልጅቷ ግን ስትወለድ የነበራትን ክብደት እስከ ትናንት አልመለሰችም፤ እጇ ክር ነው። ወለላ «ትመልሳለች» ስትል አምናታለሁ፤ ስትሄድ እፈራለሁ።

እማ፣ ሐሙስ ለት ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴ ሲረጥብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አባባ ከሞተ በኋላ መህዲን በሰባት ወሩ እኔ እቅፍ ውስጥ አድርገሽ መናኸሪያ የተለያየን ቀን። ጥቁሩ ልብስሽ ደረቱ ላይ ረጥቦ ነበር። አይቼዋለሁ። ውሃ የፈሰሰብሽ መስሎኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከየት አውቃለሁ? መኪናው ሲነሳ ዘወር ብለሽ አላየሽንምና አንጀት የላትም አልሁ። ያንን ነው አምስት ዓመት የያዝሁብሽ።

መህዲ እኔን «እማ» ነው የሚለኝ። አርሜው አላውቅም፤ ደስም ይለኝ ነበር። ትናንት ፈሪሀን ሳጠባ አጠገቤ መጥቶ «እኔንም እንዲህ አጥብተሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አይደለም። አንተን ያጠባችህ እናትህ ናት፤ ሪያድ ያለችው። እኔ እህትህ ነኝ» አልሁት።

«ትታኝ ስትሄድ ወተቱስ?» አለ ቀጥሎ።

«ጡቷን አመማት።»

«እንዳንቺ?»

«እንደኔ።»

«ታዲያ ወለላ ሄዳላት ነበር?»

እማ፣ ማን መጣልሽ? ወተቱን የት አፈሰስሽው? የአሠሪዎችሽን ልጅ አቅፈሽ ነው ወይስ በር ዘግተሽ? ማንም እንዳልጠየቀሽ አውቃለሁ፤ እኔም አልጠየቅሁሽም።

ቆርቆሮዎቹ እንደታሸጉ ናቸው፤ አትዘኚብኝ። በሰው አገር የደከመ ጉልበትሽን አላህ ይክፈልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን፣ አንቺንም ፈሪሀን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። አርብ ስትደውይ ስልኩን ለማንም አላቀብልም።

ልጅሽ ኡሙሃኒ