«ይበቃል» ያልኩት ጣሪያ

ግንቦት 4

ዛሬ የሁለት ቁምሳጥን በር ገጠምኩ። አንዱ አሁንም ይንቋቋል። ነገ አየዋለሁ።

ስመለስ አባዬ ጋ ጎራ አልኩ። እህቴና ባሏ ለሚወለደው ልጅ የእማዬን ክፍል እያስለቀቁ ነው። እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ዕቃዋን ግን ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። የስፌት መኪናዋ፣ የብረት ሳጥኗ... ሁሉም ኮሪደር ላይ ተደርድሯል። «የጓሮው ዕቃ ቤት ጠበበን፤ ትንሽ ይቀጠልበታል» አለ አባዬ። ሜትሬን ከኪሴ ላወጣ ስል...

«ሙሽራው ይሠራዋል።»

ሙሽራው የሚለው የእህቴን ባል ነው። ካገባ ሁለት ዓመቱ፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው። አናጢው እኔ! ያንኑ ዕቃ ቤት በሃያ ዓመቴ ከአባዬ ጋር ያቆምኩት እኔ!

«አንተማ ሥራ ይበዛብሃል» አለኝ። መቼ ነው በዛብኝ ያልኩት?

ግንቦት 7

አባዬ ይደውላል ብዬ ነበር። አልደወለም።

ግንቦት 11

«እንዲያው በዚህ ሳልፍ» ብዬ ሄድኩ። ማን ያምነኛል? መንገዴም አይደለም።

ሙሽራው አራት ቋሚ ተክሏል። በዓይኔ ለካኋቸው። ቀጥ ብለዋል። ጠማማ እንዲሆኑ ስመኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሚስማር ያቀብለዋል። ይስቃል። እኔን ሲያሠራኝ አንድ ቀን ስቆ ያውቃል? «ተጣሟል፣ ንቀለው!» ነበር ቋንቋው። ይሄኛው ጣቱን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ደግሞ «አይዞህ ልጄ።»

ልጄ...



ግንቦት 19

ጣሪያ ላይ ደርሰዋል። ሙሽራው ከመሰላሉ ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ። አሮጌው ጣሪያና አዲሱ የሚገናኙበት ላይ ቆርቆሮውን ደራርቤ መታሁት። ይበቃል?»

አይበቃም። ገና ሳየው አወቅኩ። መገናኛው ላይ የታጠፈ ላሜራ ካልለበሰ፣ ዝናብ ከጎን ሲመታ ውሃው በዚያ ይገባል። ቁራጭ ላሜራ እኔ ጋ ሞልቷል። የግማሽ ሰዓት ሥራ።

አባዬ ከበርጩማው ሆኖ «ምን ትጠይቀዋለህ፣ አሳምረኸው የለ!» አለ።

«ይበቃል» አልኩ።

ግንቦት 24

ዕቃውን አስገቡ። እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ብታየው እንዴት ሰፋ! እሱማ አንተ ካየህለት ወዲህ ልቤ ዐረፈ ይላል።»

ሰማዩን አየሁ። ጥርት ያለ ነው። ልንገረው ይሆን? ነገ።

ግንቦት 28

አልነገርኩትም።

ሰኔ 2

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ከነነፋሱ፣ ከጎን። መጋዙን አጥፍቼ ስሰማ ቆየሁ። ምን ነበር የጠበቅኩት? ደስ እንዲለኝ?

ሰኔ 3

እህቴ እያለቀሰች ደወለች። ሄድኩ። ውሃው በመገናኛው ገብቶ ቀጥ ብሎ የእማዬ ሳጥን ላይ ወርዷል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አላውቅም ነበር። የሕፃን ልብስ። እህቴ ገና ሳታገባ፣ እማዬ «ለሚመጣው» እያለች የሰፋችው። አውራ ጣቴ የማይገባበት እጅጌ... ዝገት ወርዶበታል።

ሙሽራው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። አላወቅኩበትም።» ስሜን አላነሳም። ወደኔም አላየም።

«ምን ታደርግ፣ ሙያህ አይደል» አለው አባዬ።

ዝም ብል በዚያው ያልፍ ነበር።

«እኔን ጠይቆኝ ነበር» አልኩ። «እንደሚያፈስ እያወቅኩ ይበቃል አልኩት።»

አባዬ «ለምን?» አለኝ።

አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ይላል? «እሱን ልጄ አልከው» አልኩ።

እህቴ ልብሶቹን ሰብስባ ገባች።

ሰኔ 5

ላሜራ ይዤ ሄድኩ። ሙሽራውን «ውጣ፣ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ» አልኩት። «ኧረ ጋሼ...» «ውጣ አልኩህ እኮ!» ሚስማሩን የት የት እንደሚመታ ከታች ነገርኩት። ሁለቱን አጣመመ። «ንቀለው» ልል ስል ተውኩት።

እሱ ሊታጠብ ሲገባ አባዬ መጣ። ጣሪያውን እያየ ነው የተናገረው። «አንተ ስትሠራልኝ በአንድ ቀን ጨርሰህ ትሄዳለህ። እሱ አይችልበትም። ሦስት ሳምንት ፈጀበት... ሦስት ሳምንት አብሮኝ ዋለ።»



ሰኔ 12

እህቴ አሁንም ስልኬን አታነሳም። ልብሶቹን ሦስት ጊዜ አጥባቸዋለች አሉ፤ አንዷ ቀሚስ አንገት ላይ ዝገቱ አልለቀቀም።

ዛሬ አባዬ ጋ ሄድኩ። መሣሪያ አልያዝኩም። «የተበላሸ ነገር የለም እኮ» አለኝ በሩ ላይ። «አውቃለሁ» ብዬ ገባሁ። ከሙሽራው ጋር ሲሳሳቁ ተነስቼ ልሄድ አሰኘኝ፤ አልዋሽም። ግን አልተነሳሁም። እስኪመሽ ተቀመጥኩ።