የውጭኛው ድንጋይ አቆስጣዎች

ቶካሪ መንደር፣ ሰኔ ማለቂያ

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእትዬ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? በአዲስ ዓመት ካርድሽ ጥግ ላይ የሳፖሮ ደረጃ እየከበደሽ መምጣቱን በትንንሽ ፊደል ጽፈሽ ነበር። ትንሽ ተደርጎ የተጻፈ ሕመም ትልቅ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሚሰጡሽን መድኃኒት ስሙን ጻፊልኝ፤ እኔ አነበዋለሁ።

እኛ ዘንድ ከነፋሱ በቀር ሁሉም ደኅና ነው። ነፋሱም ያው የምታውቂው ነው። ባለፈው ሳምንት የጋሽ ኩማጋይን የመጋዘን ቆርቆሮ ገንጥሎ የፉሚ ጎመን ላይ ጣለው። ፉሚ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን አላረጀም። «አሥር ዓመት ቆርቆሮ ስጠኝ ብዬ ለምኜህ ነበር፤ እንኳን ነፋሱ ሰማኝ» አለችው። እስካሁን አልመለሰችለትም።

አባባ ካረፈ ነገ መቶኛ ቀኑ ነው። የላክሽው ነጭ አበባ ደርሷል። ከላዩ ላይ ስምሽን ሳትጽፊ «ከሳፖሮ» ብቻ ብለሽ ነበር። ከመቃብሩ ራስጌ አኖርኩት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ከመጠየቄ በፊት ደግሞ የምናዘዘው አለኝ። የባሕር ቅጠሉን ኮምቡን የሚሰበስቡት ሰዎች ማኅበር ጀልባዎቹን በየጠዋቱ የሚያስወጣውን የአባባን ባንዲራ አንተ ያዝ ብሎኛል። መሰብሰቢያው ሐምሌ ዐሥራ አምስት ይከፈታል። ቁርጥ ያለ መልስ ገና አልሰጠሁም። ግን መጀመሪያ ወደ ባሕር ስለገባው ስለ አፍንጫችን፣ ስለ ገደሉ ጫፍ ላውራሽ። ከእኔ የምትፈልጊው ሁልጊዜ የእሱን ወሬ ነውና።

ቢጫው አበባ ዘንድሮ ስምንት ቀን ቀድሞ ፈነዳ። ከገደሉ ጫፍ እስከ ጥዶቹ ድረስ ሣሩ አይታይም። አንቺና እኔ፣ ወንድሜ ሴይጂ ጉድጓድ እየቆፈረልን፣ የተከልናቸው ጥዶች ይኸው በሠላሳ ምናምን ዓመት ትከሻዬን አላለፉም። ሁሉም ጀርባቸውን ለባሕር ሰጥተው ጎንበስ ብለዋል። ቢሆንም አሸዋውን ይዘውታል። ዝናብ ሲጥል ባሕሩ እንደ ድሮው አይደፈርስም፤ ከገደሉ ላይ ሆነሽ የኮምቡን ቅጠል ታች ሲወዛወዝ ታይዋለሽ።

በምዕራቡ ገደል ጥቁሮቹ ጠላቂ ወፎች ስልሳ አንድ ጎጆ ሠርተዋል። ለጎብኚ የተሰቀለው ሰሌዳ «በመቶዎች የሚቆጠሩ» ይላል። ይታረም ብዬ ለጎብኚዎች ቢሮ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ «ጌታዬ፣ መቶዎች ሲባል እኮ ያምራል» አለችኝ። ስልሳ አንድ አያምርም? ስልሳ አንድ ወፍ በዚያ ነፋስ፣ መዳፍ በምታህል ድንጋይ ላይ፣ እንቁላሏን አቅፋ ስትቀመጥ ምኑ ነው የማያምረው? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሰሌዳው ግን ይታረም አልኩ።

አቆስጣዎቹ፣ እነዚያ ድንጋይ ላይ ተጋድመው የሚውሉ የባሕር እንስሶችሽ፣ ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ውጭኛው ድንጋይ ላይ ሦስት መቶ አራት ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ሃምሳ ሁለቱ የዘንድሮ ግልገሎች ናቸው። ጥቁር ቆዳቸው ላይ ያለው ነጭ ቀለበት ገና እርጥብ ቀለም ይመስላል። ጥሩውን ቦታ ይዛ ሌላውን ሁሉ እያባረረች ስታስቸግር፣ አንቺ «አማት» ብለሽ የሰየምሻት አሮጊት ከሞተች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ቦታዋን የያዘችው ሌላ ናት፤ አመሏ ግን ያው ነው። ቦታው ይሆን አመሉን የሚሰጠው እላለሁ።

ዓሣ አጥማጆቹ አሁንም አቆስጣዎቹን አይወዷቸውም። ከመረቡ ውስጥ ጭንቅላቱን የተበላ ሳልሞን ባገኙ ቁጥር ደጄ ላይ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። «ልጆችህ ያስተረፉት ነው፣ ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም። ያለኝ አንድ ዲግሪ ነው። ይህንንም ስንት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ። ዓሣውን ግን እበላዋለሁ።

እንግዲህ ልናገር።

ሴይጂ በሞተበት ጠዋት ባንዲራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አባባ አይደለም።

አባባ ሦስት ቀን ትኩሳት ላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከፍራሹ ሳይነሳ ጠራኝ። «ጉብታው ላይ ውጣና ውጭኛውን ድንጋይ እይልኝ። ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ አቆስጣዎቹ ከሌሉበት ባንዲራውን እንዳታወጣ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ስለ አቆስጣ አባባ ሰምቶት የማያውቀውን መጽሐፍ አንብቤአለሁ። የአየር ግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ ቆሟል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው ብሏል፤ ለኮምቡ ማድረቂያ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

ድንጋዩ ባዶ ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ፣ ድንጋዩ ደርቆ፣ አንድም አልነበረም። ሳቅሁ። እትዬ፣ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። እንስሳ ጀልባ ያስደነግጠዋል፣ ንስር ያስደነግጠዋል፤ በዚህ የሠላሳ ቤት እንጀራ ይታገዳል? ብዬ ነጩን ባንዲራ ሰቀልኩ። ሠላሳውም ጀልባ በአንድ ጊዜ ወጣ። አባባ ሲጠይቀኝ «አሉ» አልኩት።

ጉሙ የመጣው በአርባ ደቂቃ ነው። ከጉሙ ሥር ያ ረጅም ማዕበል ተከትሎ መጣ። የቀረውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጥሩው ኮምቡ ያለው ውጭኛው ድንጋይ ሥር ነው፤ ሴይጂ ደግሞ ከጥሩው በታች አይሰበስብም ነበር።

አስከሬኑ ተቃጥሎ አጥንቱን ከአመዱ ለቅመን በተመለስንበት ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ አባባን «ያን ቀን ባንዲራውን ያወጡት እርስዎ ነዎት?» ብለሽ ጠየቅሽው። «እኔ ነኝ» አለሽ። እሱን አየሽው፤ ቀጥሎ እኔን አየሽኝ። ከዚያ ተነስተሽ ሻይ ቀዳሽልን። በወሩ ሳፖሮ ገባሽ። ለአባባ እስኪሞት ድረስ አንዲት መስመር አልጻፍሽለትም። ለእኔ ግን በየአዲስ ዓመቱ ካርድ ይመጣ ነበር፤ በየካርዱም አንድ ጥያቄ፦ «አቆስጣዎቹ ውጭኛው ድንጋይ ላይ ናቸው?» እኔም ቁጥር እልክልሽ ነበር። ሁለት መቶ ስምንት። ሁለት መቶ ሃምሳ። ቁጥሩ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አባባን ስለምን እንደዋሸልኝ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር፤ ሴይጂ ከሞተ ሦስት ዓመት በሞላው ክረምት፣ መረብ ስንጠግን። ቀና ሳይል «አንዱን ባሕሩ ወሰደው። ሁለተኛውን መንደሩ እንዲወስድብኝ ነው?» አለ። ሌላ ጊዜ አላነሳነውም።

እና ባለፈው እሑድ ጠዋት ጋሽ ኩማጋይና ሦስት የማኅበሩ ሽማግሌዎች መጡ። የሩዝ አረቄ ይዘዋል፤ ባንዲራውን በጨርቅ ጠቅልለውታል። ፉሚም ሳትጠራ በጨው የተዘፈዘፈ ራዲሽ ይዛ ተከትላ ገባች። አልችልም አልኩ። ለምን አሉ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ጋሽ ኩማጋይ «ምን ሥራ? አቆስጣ መቁጠር? አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው» አለ። ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። አመሌን ታውቂዋለሽ። ተነስቼ ቆምኩና ሴይጂን የገደለው ባንዲራ የኔ ነው፣ አባቴ ስለ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት አንገቱን ደፍቶ ኖረ፣ አሁን ደግሞ ለእኔ ልትሰጡኝ ነው? ብዬ ጮህኩባቸው።

ፉሚ ራዲሹን ማኘክ አላቋረጠችም።

ጋሽ ኩማጋይ ጽዋውን አስቀመጠና «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አለኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቁጭ አልኩ። «አባትህ ግራኝ ነበር» አለኝ። «ባንዲራውን በግራ እጁ ይዞ፣ አገጩን ወደ ባሕር አድርጎ ነበር የሚቆመው። ያን ቀን ጉብታው ላይ የቆመው ሰው እንጨቱን በቀኙ፣ እንደ ጃንጥላ ነበር የያዘው። እኛ ከጀልባ ሆነን ሌላ የምናየው ነገር አለን? ያንን ባንዲራና ከሥሩ ያለውን ሰው ነው የምናየው። ሠላሳ ጀልባ አይቶሃል።»

ታዲያ ለምን ወጣችሁ? አልኩት።

«ነጭ ነበራ! ነጭ ከሆነ ይወጣል። ሴይጂ እንዲያውም 'ዛሬ ትንሹ ነው፣ እናኩራው' ብሎ ቀድሞን ወጣ።»

እትዬ፣ ይህን መጻፍ ጊዜ ወሰደብኝ። ወጥቼ ውጭ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ሴይጂ በሞተበት ቀን ማታውን አባባ በየቤቱ ሄዶ፣ በየደጁ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ «ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብሏቸው ነበር። ሠላሳ ደጅ፣ ትኩሳቱ ሳይለቀው። «ሰው እንዲያ ሆኖ እኔ ነኝ ካለህ እሱ ነው። ምን ልትለው ኖሯል?» አለኝ ጋሽ ኩማጋይ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስለ መረብ፣ ስለ አቆስጣ፣ ስለ ባሕር ሳስተምራቸውና ስቆጣቸው ዝም ብለው የሰሙኝ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ፉሚ የያዘችውን ዋጠችና «ይጩህ፤ ካልጮኸ ይታነቃል ብለን ነዋ!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ፊቴ ግን እርጥብ ነበር።

ሲወጡ ጋሽ ኩማጋይ ጫማውን እያጠለቀ «ሳይፈራ የሚያይ ባንዲራ ያዥ አንፈልግም። ያንን ድንጋይ በየጠዋቱ እየፈራ ያየ ሰው ካንተ ሌላ የለንም» አለኝ። ባንዲራውን ወለሉ ላይ ትቶት ሄደ።

ትናንት ጠዋት ወደ ጀልባ ማውጫው ወረድኩ። በሥራ ቀን ሚስቶች የጭነት መኪናው አጠገብ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ዓይናቸውን ጉብታው ላይ አድርገው የሚጠብቁበት፣ ያን ጠዋት አንቺም የቆምሽበት ቦታ አልተለወጠም። ከዚያ እስከ ጉብታው ድረስ በእግሬ ለካሁት። መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው። አንቺ ከቤታችን ደጅ ቆመሽ ድንጋዩ ላይ ያሉትን አቆስጣዎች አንድ በአንድ የምትቆጥሪ ሴት ነበርሽ። ሁለት ጊዜ ለካሁት። መቶ ሰማንያ ነው። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልጽፍም።

ሌላም የዋሸሁሽ ነገር አለ፤ ዛሬ ከጀመርኩ ልጨርስ። ከሠርጋችሁ በኋላ ሁለት ክረምት ሙሉ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ሳልመጣ የቀረሁት ፈተና አለብኝ ብዬ ነበር። ፈተና አልነበረም፤ ሁለታችሁን በአንድ ማዕድ ማየት ነበር ያቃተኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ባንዲራውን ልያዝ ወይስ አልያዝ? መንደሩ ፈቅዷል፤ የመንደሩ ፈቃድ አይበቃኝም። ያዝ ካልሽኝ እይዛለሁ፤ ድንጋዩ ባዶ በሆነ ቀን ሰማዩ ቢጠራ፣ ሬዲዮው ቢምል፣ ሠላሳው ቤት ቢረግመኝ አላወጣውም። አትያዝ ካልሽኝ ለጋሽ ኩማጋይ እመልሳለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም። ምክንያት አትጻፊ። አንድ ቃል ይበቃል። እስከ ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ካልደረሰኝ አትያዝ እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ። ቃሉን በአፍሽ ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው የሚነሳው አውቶቡስ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ እዚህ ይደርሳል። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንሳሳትም። ደረጃ የለውም፣ መወጣጫው ዝቅ ያለ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ክረምቱ ይቅለልሽ። በሳፖሮ ያሉት ጎረቤቶችሽ ደግ ይሁኑልሽ፤ ካልሆኑ አድራሻቸውን ላኪልኝ። ለሴይጂ ያለኝን ሁሉ መቃብሩ ላይ ቆሜ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ላንቺ ካለኝ ግን የጻፍኩት ግማሹን ነው።

የባልሽ ታናሽ ወንድም