ስለ ብራክንሾ ማዘጋጃ ቤት ደረጃና ደጅ ስለሚቀረው አባቴ

ለተከበሩ አቶ ሴድሪክ ኦርመሮድ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉልበትዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሕንፃችን ጉልበት ለከዳው ሰው እንደማይራራ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና።

እኔ ቅዳሜ በታላቁ አዳራሽ የምዳር የሃምሳ አራት ዓመት ሙሽራ ነኝ። እጄን ይዞ የሚድረኝ አባቴ ዊልፍ በዊልቸር ነው የሚሄደው። «ዕድሜዬን ሙሉ ይህችን ልጅ ማን ይወስድልኛል ስል ኖሬ፣ ወሳጅ ሲገኝ እኔ ደጅ ልቅር?» እያለ ይቀልዳል፤ ፊቱን ሲያዞር ግን እንባውን አየዋለሁ።

፩. ለአንድ ቀን ብቻ የሚዘረጋ የእንጨት መወጣጫ ብንለምንዎ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራውን የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል ብለው ስለከለከሉን እናመሰግናለን። መኪናዎ ደረጃው ሥር ቆማ ስትውል ገጽታው ምንም አልሆነም፤ እሷም የንግሥቲቱ ዘመን ሥራ ትሆናለች።

፪. በምትኩ በከሰል ማስገቢያው በር እንዲገባ ስለፈቀዱለት ውለታዎ አይረሳም። ነጭ ሸሚዙን ለዚሁ አስተኩሰናል።

፫. ወንድሞቼ ይሸከሙት ብንል፣ በደረጃው ላይ ሰው መሸከም በደህንነት ደንብ ክልክል ነው አሉን። ከበሩ በላይ ያለውን የድንጋይ ቅርጽ ቀና ብለው አይተውት ያውቃሉ? ሕንፃውን ያሠሩት ከንቲባ ታክሊ፣ ሪህ እግራቸውን ይዟቸው፣ በአራት የፋብሪካ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ደረጃ ሲወጡ ነው የተቀረጹት። ቅርስ ጠባቂው ቅርሱን አለማየትዎ አይገርመኝም፤ አንገትዎም እንደ ልብዎ ደርቆ ይሆናል።

ዘበኛው ክሌም ግን ሰው ነውና አዘነልን። «ዶሪን፣ እኔ ምን ላድርግ? አባትሽ ሬሳ ቢሆኑ እኮ በፊት በር ነበር የሚገቡት! የአዳራሹ መዘምራን አባል ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ በዚህ ደረጃ ተወስዶ እንዲገባ ደንቡ ይፈቅዳል» አለን። አባቴ ከአዳራሹ መዘምራን አንዱ ነበር። ይህን ሲሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

ዝቅ ብሎ እጅ መንሳትን ከደረጃዎ ሥር ቆማ የተማረች፣
ዶሪን ፒክልስ

ማስታወሻ፦ ሣጥኑ ተዘጋጅቷል። ቅዳሜ ወንድሞቼ በፊት በር ይዘውት ይገባሉ፤ እርስዎ ዘንድ ሲደርሱ ሬሳው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ቢልዎ እንዳይደነግጡ። ከሰርጉ በኋላ ሣጥኑን ለእርስዎ ትተንልዎ እንሄዳለን። ለአባቴ ትንሽ ይሰፋዋል፤ በእርስዎ ልክ ነው ያሠራነው።