ግድግዳዬን ማን አንሳ አለህ

ጥር 6 ቀን 1961
ሙቀቱ ከጠዋት ጀመረ። የሳኒን ሱቅ በር አረንጓዴ ቀባሁ። አንዴ ይበቃዋል አለ፣ እኔ ሁለቴ ደገምኩት። ሙሄ የቀባው በር ተላጠ አይባልም።
ስመለስ ፎቶ አንሺው ኦሉም ካሜራውን ይዞ ቤቴ ፊት ቆሟል። ግድግዳዬን ያነሳል። ወደቡን የሳልኩበትን፣ በመንገድ በኩል ያለውን። የባሮ ወንዝ፣ ጀልባዎቹ፣ ኬላው፣ ጠመንጃ የያዘው ዘበኛ፣ ከዛፉ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት። ሴትየዋ ራሂማ ናት። በሞተች ዓመት ነው የሳልኳት። ፊቷን አልሳልኩም፣ ነውር ነው… ግን ሚስቴን የሚያውቅ በአንገቷ ያውቃታል።
"ማን አንሳ አለህ?" አልኩት።
"አባባ ሙሄ፣ ሥዕሉ መንገድ ላይ ነው። መንገድ የሁሉ ነው።"
"ላምም መንገድ ላይ ትሄዳለች። ታልባታለህ?"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥር 9
ኦሉም ፎቶውን አባዝቶ በአውሮፕላን ለሚመጡ እንግዶች ይሸጣል። ለሳኒ ነገርኩት። ሳኒ ጋዜጣ ያነባል። "አዲስ አበባ ሕግ ወጥቷል፣ ሥዕል የሠሪው ነው፣ ሌላው ዝም ብሎ አያባዛም" አለኝ። እኔስ ምን አልኩ?
ሄጄ ኦሉምን ያዝኩት። "ወይ ተው፣ ወይ ስሜን ጻፍ።" በየፎቶው ጀርባ አስጻፍኩት፦ የሠዓሊ ሙሄ ሥራ። ቆሜ አንድ በአንድ አየሁ። ልጄ ፈሪዳ ፊደል ካስቆጠረችኝ ወዲህ ስሜን በሰው እጅ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ለእሱ ግን ፊቴን አላበራሁለትም።

ጥር 17
መጥፎ ወሬ። ድንበር ሊሻገር ሲል ከተያዘ ሰው ኪስ ያ ፎቶ ተገኘ አሉ። ማዶ ጦርነት ነው፣ እዚህ ሰላይ ይፈለጋል። ፎቶው ላይ ኬላው ይታያል። ዘበኛው የት እንደሚቆም ይታያል። ጀርባው ላይ ደግሞ ስሜ…
ሳኒ ሚዛኑን እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ "ሙሄ ማን ነው እያሉ ነው" አለ።
ጻፍ ያልኩት እኔ። ቆሜ ያስጻፍኩት እኔ።

ጥር 18
ኖራ በጠበጥኩ። ኬላውን ብቻ ላጠፋ ነበር። ነጩ ቦታ የባሰ ዓይን ሳበ። ዘበኛውንም አጠፋሁ። ወንዙን፣ ጀልባዎቹን። ራሂማ ብቻ ቀረች። ብሩሹን ይዤ ቆምኩ፣ ቆምኩ… የሰው ኮቴ ሰማሁ። ቀባኋት።
ኮቴው የሰው አልነበረም። የሳኒ አህያ ናት።

ጥር 20
ኦሉም ታሰረ። ዛሬ ፖሊሶች እጁን አስረው ቤቴ አመጡት። "ኬላ አላነሳሁም፣ ግድግዳ ነው ያነሳሁት፣ እዚህ ነው" ይላል። ግድግዳው ነጭ ነው።
የፖሊስ ጣቢያው መቶ አለቃ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። ሥዕሉ መንገድ ላይ ከነበረ አላፊ አግዳሚው ያየው ነው፣ ምስጢር የለውም። ካልነበረ ግን ኬላው በድብቅ ተስሎ በድብቅ የወጣ ነው። "ያየ ሰው አለ?"
ማንም የለም። ሳኒ እንኳ "እኔ ዓይኔ ደክሟል ጌታዬ" አለ። ጋዜጣ የሚያነበው ሳኒ።
መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። "ሽማግሌ፣ ሙሄ አንተ ነህ?"
"ሙሄ ብዙ ነው" አልኩ።
ኦሉም አየኝ። ሙሄ እሱ ነው ብሎ አልጠቆመብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 22
ልድያ መጣች፣ የኦሉም እናት። አልጮኸችም። ግድግዳውን በጥፍሯ ጫረች።
"ሥዕሉ ከሥር አለ?"
"የለም። ተቀላቅሏል።"
"ልጄ ስምህን ጻፈልህ አባባ። ስትፈልገው ጻፈልህ። አሁን ስሙ የማን ነው?"
ሄደች። ጥፍሯ ውስጥ ኖራው ነበር።

ጥር 23
ጣቢያ ሄድኩ። ከበሩ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ።
"ሙሄ እኔ ነኝ። ሥዕሉ የእኔ ነው። ከግድግዳዬ ላይ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።"
መቶ አለቃው ከመሳቢያው ፎቶውን አወጣ። "አፍ ሁሉን ይላል። እንግዲያው መልሰህ ሣለው። አንድ ከሆነ እናያለን።"
ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። ራሂማ አለች። ሻሿ አንድ ጎን ወርዷል… እኔ እንዲህ አድርጌ ነበር የሳልኩት? ረስቼዋለሁ። ኦሉም ባያነሳት ኖሮ ከምን አያት ነበር?

ጥር 27
ጠመንጃ የያዘ ከኋላዬ ቆሞ ሳልኩ። የገዛ ሥራዬን ከኦሉም ፎቶ እያየሁ ገለበጥኩ። መቶ አለቃው ፎቶውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። "ልጁ ይፈታ። አንተ እስክትጠራ ከከተማ እንዳትወጣ" አለኝ።
መቼ ነው የምጠራው? አላለም።

የካቲት 4
ኦሉም ቤቱ ነው። ካሜራው ጣቢያ ቀርቷል። ሰው በግድግዳዬ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። ትናንት አንድ እንግዳ ካሜራውን ቢያነሳ ሳኒ ከሱቁ ሮጦ "ተው ጌታዬ፣ ተው" አለው። ተወ።
ኦሉምን "አንሳ፣ ፈቅጃለሁ" አልኩት።
"በምን?" ባዶ እጁን አሳየኝ። ቆይቶ፣ "ቢኖረኝም አላነሳም አባባ።"
የፖሊስ ቦቲ ጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ ጫማዬን አደርጋለሁ። ሲያልፉ አወልቃለሁ።
ዛሬ ከራሂማ እግር ሥር ስሜን ጻፍኩ። ሙሄ። ከመንገድ ማዶ እንዲታይ በትልቁ። ሌላ ሰው እንዳይፈልጉ።
ፊደሉ ጠሟል። ግን ይነበባል።